የአኬዮ ሃምሳ ደቂቃ

አኬዮ ኪሱሙ ከሚገኘው ዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦና ሕክምና ዶክትሬቷን ለመጨረስ የቀራት አንድ ፈተና ነበር። እሱኑ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቃለች። እውቀት አንሷት አይደለም፤ እንባዋ ቅርብ ስለሆነ ነው።

ለፈተናው አንድ ተዋናይ በሽተኛ መስሎ ይገባል። ተማሪዋ ሃምሳ ደቂቃ ታነጋግረዋለች፣ ካሜራ ይቀርጻል፣ መምህራኑ በኋላ አይተው ይፈርዳሉ። ሁለቱም ጊዜ ተዋናዮቹ ስለሞተባቸው ሰው አወሩ፤ አኬዮም ከእነሱ ብሳ አለቀሰች።

«ከዚህ በኋላ ሌላ ዕድል የለሽም» አሏት አማካሪዋ ፕሮፌሰር ሙቴው። «የራስሽን ሐዘን ውጭ ትተሽ ግቢ። ሃምሳ ደቂቃው ሲሞላ ደግሞ ሰማይ ቢደፋ ትዘጊያለሽ።»

የራሷ ሐዘን ወንድሟ ኦሞሎ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ሐይቁን ሊሻገር ጀልባ ላይ እንደወጣ ቀረ። ዘመድ አዝማድ በአገሩ ልማድ በአስከሬኑ ፋንታ ያጎ የሚባል የዛፍ ፍሬ ቀብሮለት ተበተነ። እናቷ ግን «ለፍሬ አላለቅስም፤ ልጄን አሳዩኝ» እንዳለች አለች፤ እስከዛሬ ዱንጋ መንደር ያለውን የግቢዋን በር ሳትዘጋ ታድራለች። አኬዮ ትምህርቱን ስትጀምር ይህንኑ በማመልከቻዋ ጽፋው ነበር።

በፈተናው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጸሐፊዋ አንገቷን ብቅ አድርጋ «እንግዳሽ መጥተዋል» አለቻት።

አንድ ከሲታ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ።

«ከዱንጋ ነሽ አሉኝ» አሏት ገና ሳይቀመጡ።

«አባት፣ ዛሬ የምናወራው ስለ እርስዎ ነው። ስምዎን ማን ልበል?»

«ስሜ ይቅር።»

መምህራኑ ስም እንኳን አልሰጧቸውም፣ ሰነፎች፣ አለች በሆዷ። ካሜራውን ከፈተች።

ሽማግሌው ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተቱ ተናገሩ። ጀልባ ነጂ ነበሩ። የዛሬ ስድስት ዓመት ከልክ በላይ የጫኑት ጀልባ ተገለበጠ። ውሃው አንዲት ደሴት ዳር የተፋውን ወጣት ብቻቸውን ቀበሩና ፖሊስ ፈርተው ዝም አሉ።

«ጆሮው ሥር ጠባሳ ነበረው» አሉ። «አፈር ሳለብሰው የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። አሁንም ያየኛል።»

የአኬዮ ዓይን እንባ አቀረረ። የኦሞሎን ጠባሳ በማመልከቻዋ አልጻፈችውም። ዱንጋ ድረስ ሄደው ጠይቀው ይሆናል፤ እነዚህ መምህራን ምን ይሳናቸዋል! ንዴቷ እንባዋን አደረቀላት።

«ይህን ሲያወሩ ምን ይሰማዎታል?»

«እሱን ተዪው ልጄ። ቦታውን ለቤተሰቡ ማሳየት ነው የምፈልገው። ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። የደሴቲቱን ስም ልንገርሽና...»

ሰዓቷን አየች። ሃምሳ ደቂቃ ሞልቷል።

«ጊዜያችን አበቃ፣ አባት። የሚመጣው ሳምንት ከዚሁ እንቀጥላለን።»

«ሐኪሞቹ እኮ ሳምንት አልሰጡኝም።»

ትወናውን ሲያውቁበት! አለች በልቧ፤ ብድግ ብላም በሩን ከፈተችላቸው። ሽማግሌው ጥቂት ቆመው አዩዋትና ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። ሞተር ብስክሌት ላይ ተፈናጥጠው በመንገዱ ግርግር መሃል ሲጠፉ በመስኮት አየቻቸው።

ካሜራውን ዘጋች። አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣትም። ደስታዋን ለእናቷ ልታበስር ስልኳን አነሳች።

በሩ ተንኳኳ። አንድ ላብ ያጠመቀው ጎልማሳ እያለከለከ ገባ።

«ይቅርታ እህቴ፣ የተሳፈርኩበት ማታቱ ታክሲ አሄሮ ከተማ ላይ ተበላሽቶብኝ ነው» አለ። «ለፈተናው በሽተኛ የምሆንልሽ እኔ ነኝ።»