የተቆረጠው አክስል

ተሳቢው ከግቢው በር ሳይወጣ ተሰበረ። ሹፌሩ ወርዶ ከሥሩ ገባ። ጎማዎቹን ከግራና ከቀኝ የሚይዘው ብረት፣ የኋለኛው አክስል፣ ለሁለት ሆኗል። ስብራቱ ከታች ሸካራ ነው፤ ከላይ ግን በእሳት የተቆረጠ፣ እጅ ሲያሳርፉበት የሚያንሸራትት። ሰው ሆን ብሎ ያደረገው ነገር ነበር።

ሹፌሩ ያን ጠዋት የተነሳው ለጭነቱ ብቻ አልነበረም። አባቱን የገደለው ሰው እስሩን ጨርሶ ወጥቶ፣ ጭነቱ በሚራገፍበት ከተማ ሱቅ ከፍቷል። ሽጉጡ ከመቀመጫው ሥር ተሸጉጧል። እንደ እናት ሆና ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ሐሳቡን ሲነግራት አልከለከለችውም። የግቢው ዘበኛ ግን ሽጉጡን ሲወለውል አይቶት ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ዘበኛው የገዳዩ አገር ሰው ነው።

ሹፌሩ ዕድሜ ልኩን አባባ ሲለው የኖረውን ይህን ሽማግሌ ዘበኛ ኮሌታውን ጨምድዶ ከአጥሩ አጣበቀው።

«ማን ገባ?»

«ባዕድ አልገባም፣ ልጄ።»

«እንግዲያው አንተ ነህ።»

በጎማ መፍቻው አፉ ላይ መታው። ሽማግሌው ጥርሱን ከደሙ ጋር ተፋ።

ጭነቱን ሌላ መኪና ወሰደው። ሹፌሩ የተሰበረውን አክስል ጎማዎች አወለቀ፤ አክስሉንም መሬት እንዳይነካ በሰንሰለት ወደ ላይ አሰረው። ተሳቢው በቀሩት ጎማዎች እያነከሰ መሄድ ይችላል። ጋራዥ ላላት እህቱ ደወለላት። ቀስ ብሎ እንዲያመጣው ነገረችው፤ የተጎዳ ሰው እንዳለም ጠየቀችው። ገና ነው አላት።

ዘበኛውን እጁን በጭነት ገመድ አስሮ ጋቢና ውስጥ ከጎኑ አስቀመጠው። ሰንሰለቱ እንዳይላላ በየመንገዱ እየቆመ ያጠብቅ ነበር። ባጠበቀ ቁጥር ተመልሶ ይወጣና ያንኑ ይጠይቃል፤ መልስ ሲያጣ ይመታል። መጀመሪያ ጎኑን፣ ቀጥሎ ጉልበቱን። በመጨረሻ የታሰሩትን ጣቶች በሩ ላይ አስደግፎ በመፍቻው ቀጠቀጣቸው።

ሽማግሌው ያኔ ቀና ብሎ አየው። «ዛሬ አልሄድክም አይደል? ይበቃኛል።»

ሹፌሩ ይህን እንደ ኑዛዜ ቆጠረው። የሚፈልገውን አግኝቷል፤ ግን እጁ አልቆመለትም። መፍቻው ከሽማግሌው ጆሮ ሥር አረፈ። ዘበኛው መስኮቱን ተደግፎ እያቃሰተ ሄደ። ዳገቱ ሲጀምር ማቃሰቱን የሞተሩ ጩኸት ዋጠው።

እህቱ የብየዳ መነጽሯን ግንባሯ ላይ እንደሰቀለች ከጋራዡ ወጣች። የመጣችው ወደ ተሳቢው አልነበረም። ደም የነካውን ሸሚዙን አይታ፣ የማን ደም ነው ስትል ጠየቀችው።

«የቆረጠውን አምጥቼልሻለሁ» አላት። «ለአገሩ ልጅ ለገዳዩም ደውሎ ሳያስጠነቅቀው አልቀረም። አንቺ አክስሉን በይጅልኝ፤ ነገ እሄዳለሁ።»

እህቱ የጋቢናውን በር ከፈተች። ሽማግሌው ተንሸራቶ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። አቅፋ መሬት አስተኛችው፤ ጣቶቿን አንገቱ ላይ አሳርፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ዓይኖቹን ከደነችለትና ወንድሟን ቀና ብላ አየችው።

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለችው። «እጅህን ደም እንዳይነካው ብዬ።»