የሐኪሙ ልጆች

ባሏ ቆላ የወረደው በዕዳው ምክንያት ነበር። ሐኪም በጠፋበት ወረዳ ሁለት ዓመት ላገለገለ ዶክተር መንግሥት የትምህርት ብድሩን ይከፍልለታል ተብሎ ነው። ሁለቱ ዓመት ሞላ፤ ዕዳውም ተከፈለ፤ እሱ ግን በስልክ «ትንሽ ልቆይ» አላት። እያደር ግን ጥርጣሬ ገባት። «ሴት ባይዝ ኖሮ በዚያ ሐሩር ምን አለውና ይቀመጥ ነበር?» አለችና ሳትነግረው አውቶቡስ ተሳፈረች።

ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ሕፃን ያቀፈች መልከ መልካም ወጣት አገኘች። ቅናቱ አንገበገባት።

«አንቺ፣ የማን ልጅ ናት?»

«የእኔና የሐኪሙ ናት እንጂ፣ እትዬ!» አለች ወጣቷ እየሳቀች። «ምጥ ጠንቶብኝ ሁለታችንንም ከሞት አፍ ያወጣን እሱ ነው። ስም አውጣላት አልነው፤ አወጣላት።»

«ማን አላት?»

«ፀዳለ።»

የራሷ የሚስቲቱ ስም ነበር። ገና ሳትተነፍስ፣ ወረፋ ከያዙት እናቶች አንዷ ዞር ብላ «የእኔም ፀዳለ ናት» አለቻት፤ አጠገቧ ያለችውም የራሷን ሕፃን ብድግ አድርጋ አሳየቻት።