ከሽንዲ የመጣችው በግ

ሦስተኛው ግልገል ገለባው ላይ ዝም ብሎ ሲዘረጋ ያምሮት አማቷን ተጣራች። በጓን «መንታ ከሚወልድ ዘር ናት» ብለው አባቷ ናቸው ሲድሯት ከሽንዲ የሰጧት። በጓ ግን ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ብቻ ወልዳ አሳፈረቻት፤ አማቷ እህተ ማርያምም «ቡሬ ገበያ ትውጣ» እያሉ ከረሙ። አሁን ሁለቱ ግልገሎች ቆመው ይንገዳገዳሉ፤ ሦስተኛው ግን አይተነፍስም።

አማቷ ተንበርክከው አፍንጫውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና እፍ አሉበት። ደገሙት። ግልገሉ አነጠሰ፤ ቀጥሎም በቀጭኑ ጮኸ።

«እማዬ፣ ዘሯ እኮ ነው! ብዬዎት አልነበር?» አለች ያምሮት፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም።

«ዘር ብቻውን ምን ያደርጋል ልጄ? ከስታ አውራ ያገኘች በግ መንታ አትይዝም። ግንቦትን ሙሉ፣ አንቺ ውኃ ስትወርጂ፣ ባቄላ በአተላ እየነከርሁ አበላኋት።»

ያምሮት ወደ አማቷ ዞረች። «ታዲያ ትሸጥ ሲሉ የከረሙት?»

«ባይሆንላትሳ? ተስፋ ሰጥቼሽ ዳግም ላሳፍርሽ?» አሉና ግልገሉን በነጠላቸው ጠቅልለው እቅፏ ውስጥ አኖሩላት። «ይልቅ ይህን ደካማ አሙቂው። ጡት እስኪጠባ ድረስ እናቱ እኔና አንቺ ነን።»