አበልጅ

«ፔዳሉን አትልቀቂው! እርገጪ፣ እርገጪ!» ይላል ታዲዮስ ከኋላዋ።

እየሩስ ትረግጣለች። ብስክሌት ያስተማራት እሱ ነው፤ ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፣ አስተማሪነቱ ግን አልለቀቀውም። አቀበቱን በአንድ ትንፋሽ ትጨርስና ግድቡ ከታች ይዘረጋል። አስፋልቱ ውሃውን ተከትሎ ይዞራል፤ ከባሕር ዛፉ ጀርባ የሞላሌ አዳዲስ ቤቶች ቆርቆሮ ያብለጨልጫል።

መግቢያው በር ላይ ብስክሌት የምታከራየው ሸዋረጋ ዛሬም አልማረቻቸውም ነበር። «እናንተ ልጆች፣ በየእሁዱ ይህንን ውሃ ስትዞሩ ዓመት ሞላችሁ። ድንኳን መቼ ነው የምትጥሉልን?» አለች። ታዲዮስ ሌላ ጊዜ ቢሆን «ደርሷል፣ እትዬ ሸዋዬ!» ይላት ነበር። ዛሬ ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጫነና «ነፋስ ጎድሎታል» አለ።

ደርሷል፣ በእርግጥም። መስቀል እንዳለፈ ሽማግሌ እልካለሁ ብሏታል፤ የሚልካቸውንም ሰዎች መርጧል። እስከዚያ ዳኜ እንዳይሰማ ተስማምተዋል። ዳኜ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ከታዲዮስ ጋር አንድ ቢሮ ይሠራሉ። በሽማግሌ ሳይጠየቅ በወሬ ከሰማ ይቀየማል። ስለዚህ ለዳኜ የእሁዱ ነገር «ስፖርት» ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ጎን ለጎን ይሆናሉ። ታዲዮስ ክረምቱን ሙሉ ከበግ ጸጉር የሠራችለትን ኮፍያ እስከ ቅንድቡ ስቦታል።

«የዳኜ ልጅ ክርስትና ቅዳሜ ነው አይደል?» ይላል።

«ቅዳሜ ነው። ጠላው እንኳን ከሕፃኑ ቀድሞ ተጠምቋል።»

አይስቅም። «ክርስትና የማነሳው እኔ ነኝ።»

እሷ ትስቃለች። «በል አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም።»

ፍሬን አትይዝም። ብስክሌቱ በራሱ ይወርዳል፣ ነፋሱ ዓይኗን ያስነባታል። የወንድሟን ልጅ ክርስትና አነሳ ማለት የቤታቸው አበልጅ ሆነ ማለት ነው። አበልጅ ከአበልጁ ቤት አያገባም፤ ሽማግሌ አይሄድበትም፣ ቄስ አያጋባውም። ከቅዳሜ በኋላ እሷ ለታዲዮስ እህት ናት።

«ዳኜ ለመነህ?»

«ሰው ልጄን ክርስትና አንሳልኝ ሲል እምቢ ይባላል እንዴ? ነውር አይደለም?»

«አገር ቤት እሄዳለሁ ማለት አቅቶህ? ዘመድ ታሞብኛል ማለትስ?»

«ጨነቀኝ፣ እየሩስ።»

ለጥቂት ጊዜ የምትናደደው በዳኜ ነው። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ ይላታል። ጎረቤታቸው አፈወርቅ ባለፈው ሳምንት የሕፃኑን ነጭ ልብስ ገዝቶ መጥቶ ነበር። ትልቅ ሆኖበት ተሳስቀዋል። እሷ ናት አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠችው።

«አፈወርቅስ?»

«አፈወርቅ ምን?»

«ዳኜ የለመነው አፈወርቅን ነው። እሱም እሺ ብሎ ልብስ ገዝቷል።»

ታዲዮስ የብስክሌቱን ደወል በጣቱ ይጠርገዋል፤ ደወሉ ግን ንጹሕ ነው።

«ለቀቀልኝ» ይላል።

«ጠይቀኸው?»

«ጠይቄው።»

«ዳኜንም?»

«ዳኜንም።»

በዚህ አገር ክርስትና ላንሳልህ ብሎ የሰው ደጅ የሚጠና የለም። የሕፃኑ አባት ነው የሚለምነው። ታዲዮስ ግን ሁለት ቤት ሄዶ ለምኗል። አፈወርቅ ግራ እየገባው ለቆለት ይሆናል። ዳኜ፣ ምኑንም የማያውቀው ዳኜ፣ ደስ ብሎት አቅፎታል።

«ሌላ ሴት አለች?»

«የለችም። ማርያምን የለችም።»

«ታዲያ?»

«እኔ እንጃ። ሽማግሌዎቹን ላናግር ብዬ ስንት ጊዜ ተነሣሁ መሰለሽ። እግሬ እምቢ አለኝ። ፊት ለፊት ልነግርሽ ደግሞ አልቻልኩም።» ትንፋሹን ይሰበስባል። «በዚህ ግን አንጣላም። እንደውም ዘመድ እንሆናለን።»

«ዘመድ ሞልቶኛል» ትላለች።

ፍሬኑን ትይዛለች። ጎማው ይጮኻል። አንድ እግሯን አስፋልቱ ላይ ትተክልና ብስክሌቱን አዙራ በመጣችበት ትመለሳለች። መንገዱ ላይ የተቀባው ነጭ ቀስት ሁሉ አሁን ወደ እሷ ያመለክታል። ከልጆቹ ጋር የሚነዳ አንድ ሰው «እህት፣ በተቃራኒ ነው የያዝሽው!» ብሎ ይጮኻል። አውቃለሁ፣ ትላለች በልቧ።

ለዳኜ ዛሬውኑ ብትነግረው ነገሩ ይፈርሳል። አፈወርቅ ልብሱን ይዞ ይመለሳል፣ ታዲዮስም ነፃ ይሆናል። ነፃ ሆኖስ? ከእሷ ለማምለጥ የክርስትና አባት እስከ መሆን የደረሰን ሰው ይዛ ምን ታደርገዋለች?

በሩን አልፋ ቀጥላ እንደምትነዳ የገባት ሸዋረጋ «ኧረ ጓደኛሽን የት ጣልሽው?» ስትል ነው። አትቆምም። መንገዱ ክብ መሆኑን ያሰበችው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ታዲዮስ እንደ ወትሮው ቀስቱን አክብሮ ይመጣል፤ አንድ ቦታ መገናኘታቸው አይቀርም።

ከግድቡ ማዶ፣ ቄጠማው ጥግ ላይ ብቅ ይላል። ያያታል። ደወሉን አንድ ጊዜ ይደውላል፣ ለማንም መንገደኛ እንደሚደውለው።

እየሩስ መሐሉን አትለቅም። ታዲዮስ ከአስፋልቱ ወርዶ እርጥቡ ሣር ውስጥ ይገባና አንድ እግሩን ጭቃው ላይ ይተክላል። ከዚያ ኮፍያውን አንሥቶ ከወገቡ ጎንበስ ይላል፣ ቅዳሜ በወንድሟ ግቢ ለእናቷ እንደሚያደርገው።

በአጠገቡ ስታልፍ፣ ኮፍያው ግንባሩ ላይ የተወው ቀይ መስመር ይታያታል።