አውራ ጣቷ የሚያውቀው

"ኧረ እንዲህ ያለውን ጠጠር ማን ይጥላል?" ትላለች ፔይ፣ ሉዋን የጣለችውን የማጆንግ ጨዋታ ጠጠር አፈፍ አድርጋ። "አርባ ቀን ሆስፒታል ተኝተሽ፣ ይዘሽ የወጣሽው ደግነት ብቻ ነው?"

ሌሎቹ ሁለት ሴቶች ይስቃሉ። ሉዋንም ትስቃለች። ምን እንደጣለች ግን አታውቅም።

ከኋላዋ ዝቅ ባለች የቀርከሃ ወንበር ላይ ልጇ ዪሊን ተቀምጣለች። ከሼንዘን የመጣችው እናቷን ልትወስድ ነው። ጠዋት ንትርኩ ሲሰለቻት፣ "እሺ እማዬ፣ ከጓደኞችሽ ጋር አንድ ዙር በወጉ ከተጫወትሽ እዚሁ ቼንዱ፣ ቤትሽ ትቀሪያለሽ። ካልሆነ አብረን እንሄዳለን" ብላታለች። የሼንዘኑ ቤት አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። ሉዋን እዚያ ከልጇ በቀር የምታውቀው ሰው የለም።

ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወዲህ ንግግሯ ደህና ነው። እጇም ደህና ነው። ትናንት "ሩዝ፣ ዝንጅብል፣ ሳሙና" ብላ ራሷ ጻፈች፤ ገበያ ደርሳ ወረቀቱን ስትዘረጋው የማታውቀው ጽሑፍ ሆኖ ጠበቃት። አሁንም ጠጠሮቹ ላይ ያሉት ፊደሎች እንደዚያው ናቸው። መስመሮቹ አንድ በአንድ ይታዩዋታል፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ምንም አይነግሯትም።

ተራዋ ይደርሳል። እጇን ዘርግታ ጠጠር ታነሳለች። የሠላሳ ዓመት ልማድ ነውና አውራ ጣቷ ከሥር የተቀረጸውን ይዳብሳል።

ስምንት።

ትደነግጣለች። ጠጠሩን ገልብጣ ታየዋለች፤ ጭረት ብቻ ነው። ደግማ ትዳብሰዋለች። ስምንት። ማን ነው የነገራት?

ዓይኗን ጨፍና ፊቷ የተደረደሩትን ከዳር እስከ ዳር ትዳብሳለች። ሁለት። ሦስት። የምሥራቅ ነፋስ የሚባለው ጠጠር።

"ምነው እትዬ፣ ጠጠሩን ማሸት ጀመርሽ?" ትላለች ፔይ። "ወገቡን አሞታል?"

"አርፈሽ ተራሽን ጠብቂ።"

ጥቂት ቆይታ ሉዋን ጠጠሮቿን በሙሉ ትዘረጋቸዋለች። "በላሁ!"

ፔይ እያጉረመረመች ሻይዋን ትጎነጫለች። ዪሊን ግን ወንበሯን ወደ እናቷ ታስጠጋለች።

"እማዬ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የተጫወትሽው።"

"ስገልጠው ይጠፋብኛላ!"

ካመለጣት በኋላ ነው የሰማችው። ቤቷም አብሮ ያመለጣት ይመስላታል።

ዪሊን ከቦርሳዋ የእናቷን የመድኃኒት ካርቶን አውጥታ ትሰጣታለች። "ይሄስ ምን ይላል?"

ሉዋን በአውራ ጣቷ ትዳብሰዋለች። ካርቶኑ ልሙጥ ነው። ደግማ ትዳብሰዋለች።

"በቃ፣ ልብሴን ልሰብስብ።"

"ቆይ እስቲ።" ዪሊን የእናቷን ሌባ ጣት ይዛ ብቻውን አንድ ቃል በሆነው በመጀመሪያው ፊደል መስመሮች ላይ ቀስ አድርጋ ትመራዋለች፤ ወደ ግራ ሸርተት፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች።

"ምግብ" ትላለች ሉዋን፤ የራሷን ድምፅ እየተጠራጠረች። ጣቷ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። "በኋላ።"

"በዚህ አካሄድሽ አንድ ኪኒን ለመዋጥ ሁለት ቀን ይፈጅብሻል" ትላለች ፔይ።

ዪሊን የእናቷን እጅ ትለቃለች። የሉዋን ጣት ሦስተኛው ፊደል ላይ ብቻውን ቆሞ ያመነታል፤ ከዚያ መንገድ ይጀምራል። እስኪጨርስ ድረስ ምን እንደሚል እሷም አታውቅም።