ባዶው ሲዲ

እማማ ትርንጎ የሟች ልጃቸውን የምርቃት ቪዲዮ ለማስቀዳት አብነት ኮምፒውተር መጠገኛ ቤት ሲመላለሱ አምስት ቀናቸው ነው። ባዶ ሲዲ ከገበያ ስለጠፋ፣ ልጃቸው ትታው ከሄደችው እሽግ በየቀኑ አንድ ይዘው ይመጣሉ፤ መቅጃው ግን አንዱንም አላውቅም አለ። አብነት ሌንሱን ጠረገ፣ ገመዱን ለወጠ፣ በመጨረሻም ከጓደኛው ሌላ መቅጃ ተውሶ ገጠመ። እሱ እስኪታገል እንዳይሰለቹ ብሎ ዋናውን ሲዲ በሌላ ኮምፒውተር ይከፍትላቸዋል። ልጅቷ ጥቁር ጋውን ለብሳ ትስቃለች፤ እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያይዋታል።

ዛሬ የተዋሰውም መቅጃ እንቢ ሲለው ሲዲውን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ከቀዳዳው ዙሪያ በመርፌ ተጭሯል። ያለፉትን ቀናት ሲዲዎች አንድ በአንድ አነሳ። ሌንሱ ቆሽሾ በነበረበት በመጀመሪያው ቀን የመጣው ብቻ ንጹሕ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ ተጭረዋል።

«እማማ፣ እነዚህን ማን ጫራቸው?»

አንገታቸውን ደፉ።

«እኔ ነኝ ልጄ። ቤት ማጫወቻ የለኝም። ቀድተህ ከሰጠኸኝ ነገ ምን ብዬ እመጣለሁ?»

አብነት ወደ ሌላው ኮምፒውተር ዞረ። ቪዲዮው አልቆ ነበርና ከመጀመሪያው አስጀመረላቸው።