ጣሪያ ያለው ቤት

በ1983 ዓ.ም. የሶማሊያ መንግሥት ጦር ከሐርጌሳ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ግንበኛው አየነው ነፍሰ ጡር ሚስቱን ሸዋርካብሽን ይዞ ከጅጅጋ መጣ። የፈረሰ ከተማ ለግንበኛ እንጀራ ነው ብሎ ነበር። መውለጃዋ ቀርቧል፤ ማደሪያ ግን አላገኙም።

ድሬዳዋ ያደገ ኤልሚ የሚባል ሰው መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ጣሪያው ያልተነቀለ ቤት ነበረው። ከሟች ወራሾች በርካሽ የገዛው ነው። በአማርኛ አነጋገራቸው። ለወራት እንደማያከራይ፣ የሚያዋጣው የመንገደኛ አዳር እንደሆነ ነገራቸው። የጠየቀው ኪራይ ግን ከምንም አይቆጠርም። አሕመድ ዳጋህ ሰፈር የነበረው ሌላው ቤቱ ከነተከራዮቹ ፈርሶበታል። ሐርጌሳ ውስጥ ያልፈረሰ ቤት ስለማይታይ፣ አየነው መቼ ብሎ አልጠየቀም።

«ቤት የሚያተርፈው ሰው ሲገባበት ነው» አለ ኤልሚ ከግቢው ውጭ ቆሞ። «ክፍሎቹን ሁሉ ክፈቱ፤ ጥረጉ።»

እሱ ራሱ ሚስቱን ዳሀቦንና ልጆቹን ይዞ የሚኖረው ከሜዳው ማዶ ድንኳን ውስጥ ነው። ለኪራይ ሲል ልጆቹን ብርድ ያስመታል ብላ ሸዋርካብሽ ታዘበችው።

ጎረቤታቸው አስሊ ሌላ ወሬ ነገረቻቸው። የቤቱ የቀድሞ ባለቤት ከመንገዱ ማዶ፣ የፈረሰው ግንብ ሥር በጥይት ተመቶ ወድቋል። ቀባሪ አላገኘም።

አየነው የመጀመሪያውን ክፍል ሲከፍት ሸዋርካብሽ ግቢው ውስጥ ነበረች። ከግንቡ ኋላ የሰው ራስ አየች። በሩ ሲጢጥ ሲል ሰውየው መሬት ላይ ተደፋ። አየነው ሄዶ ቢያይ ማንም የለም።

በማግስቱ ሁለተኛውን ክፍል ሲከፍት ሰውየው እንደገና ወደቀ።

«አወዳደቁን እየደገመ ነው» አለች ሸዋርካብሽ አማትባ። «ቁልፉን ለኤልሚ መልስለት።»

«ሙት ከሆነ ኪራዩን ይካፈለን» አለ አየነው። እሷ ግን አልሳቀችም። «የት ልትወልጂ ነው፣ ሸዋዬ? ጎዳና ላይ?»

የቀረው ዕቃ ቤቱ ነበር። እሷ እንዳይነካው ለመነችው፤ እሱም ተወው። በሦስተኛው ቀን ኤልሚ ደጃፍ መጥቶ ዕቃ ቤቱ ተከፍቶ እንደሆነ ጠየቀ። እንዳልተከፈተ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

«አይዞሽ፣ እህቴ» አላት። «እሱን ብቻ ክፈቱልኝ። ወላሂ፣ ከዚያ በኋላ እስክትወልጂ ኪራይ አልቀበልም።»

ኤልሚ ሲሄድ አየነው ሚስቱን አያት። ሸዋርካብሽ ሆዷን ይዛ ወደ ግቢው ወጣች። የዕቃ ቤቱ በር ጠበቅ ያለ ስለነበር አየነው በትከሻው ገፋው፤ አልሆነም። ደግሞ ገፋው።

ከማዶ ሰውየው ተደፋ።

በሩ ተበርግዶ ተከፈተ። ውስጡ ከአቧራና ከተሰበረ ወንበር በቀር ምንም አልነበረም። ሸዋርካብሽ ወደ ግንቡ ዞረች። የወደቀው ሰው በዚህ ጊዜ ተነሣ። ሸሚዙን አራገፈ፤ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ግቢው ገባ። ኤልሚ ነበር። የቤቱን ደፍ ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ወደ ሜዳው ዞሮ ሚስቱን ተጣራ።

«ዳሀቦ፣ ፈንጂ የለበትም፤ ልጆቹን አምጫቸው።»